«ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ሳይክሌን ልሽጠው?»

ጥያቄ፦ «የ52 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለት ዓመት በወገብ ዲስክ ከተሰቃየሁ በኋላ ተራ ሳይክል መንዳት አቃተኝ። ባለፈው ሚያዝያ ሪከምበንት የሚሉትን፣ ጋደም ተብሎ የሚነዳውን ባለሁለት ጎማ ሳይክል ከሰው እጅ ገዛሁ። መሪው ከመቀመጫው ሥር ነው። ወገቤ ተመችቶታል። ችግሬ ሰው ነው። የማያፈጥብኝ የለም። ልጆች ይጮኻሉ። መኪና ውስጥ ሆነው በስልክ ይቀርጹኛል። ከሁሉ የከፋው ግን የራሳችን ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኘችኝ አንዲት ሴት ‹ምን ሆነሽ ነው? እግርሽን ነው?› ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። እናቴ ደግሞ ‹የሰው ዓይን ይበላሻል፣ ሽጪው› ትለኛለች። ሰው እንዳያየኝ ምን ላድርግ? ወይስ ልሽጠው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ወገብዎ ተሻለዎት። እዚህ አገር ሳይክል ስጠግን 22 ዓመቴ ነው። ካለፉት 14 ዓመታት ወዲህ አብዛኛው ሥራዬ እንደ እርስዎ ያሉ ሪከምበንቶችና ባለሦስት ጎማዎች ናቸው። ሪከምበንት የገዛ ሰው በመጀመሪያው ወር ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ አካባቢ ማርሽ ያስቸገረው ወይም ፍሬን የላላበት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። «ሰውን እንዴት ልቻለው?» ሊለኝ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አይሽጡት። ሰው እንዳያይዎት ለማድረግም አይሞክሩ። መንገድ ላይ ሳይክል ነጂን የሚጎዳው አለመታየት ነው። እርስዎ የሚሸሹትን ነገር ሌሎች ነጂዎች አንጸባራቂ ልብስና መብራት እየገዙ ይፈልጉታል።

የመንገድ አደጋ የሚያጠኑ ሰዎች «አየ፣ ግን አላየም» የሚሉት ነገር አለ። ሾፌሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቆማል። ግራ ቀኙን ያያል። ሳይክሉ ፊት ለፊቱ ነው። ግን አእምሮው የሚፈልገው መኪና ስለሆነ ሳይክሉን ሳይመዘግበው ያልፋል። ከተጋጨ በኋላ «ከየት መጣ?» ይላል። እየዋሸ አይደለም፤ የእውነት አላየውም። በየቀኑ የምናየውን ነገር ዓይናችን ይዘለዋል። የእርስዎን ሳይክል ግን መዝለል ይከብደዋል። ሾፌሩ ከሩቅ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ይህን ባለባት ሰከንድ እግሩ ነዳጅ መስጫውን ይለቃል። ለእርስዎ የምታስፈልግዎት ያቺ ሰከንድ ናት።

ሾፌሮች በሚያዩት ነገር ባህሪያቸውን እንደሚቀይሩ የተለካበት አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኢያን ዎከር የሚባል የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳይክሉ ላይ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ገጠመ። በባዝና በሶልስበሪ ከተሞች እየነዳ ከ2,300 በላይ መኪኖች ምን ያህል ተጠግተውት እንደሚያልፉ ለካ። ሄልሜት ሲያደርግ መኪኖቹ በአማካይ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ተጠጉት። ረጅም ዊግ አድርጎ ከኋላ ሲያዩት ሴት ሲመስል ደግሞ በአማካይ 14 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ቦታ ሰጡት። ስለ ሄልሜቱ ውጤት ሌሎች ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል። እባክዎ ይህን አንብበው ሄልሜትዎን እንዳያወልቁ። እኔ ያነሳሁት ለዊጉ ነው። ያው ሰውዬ፣ ያው ሳይክል፣ ያው መንገድ። የተቀየረው ሾፌሩ ያየው ነገር ብቻ ነው።

እኔም በራሴ ዓይቼዋለሁ። ኮለምቢያ ፓይክ በሚባለው ትልቅ መንገድ ላይ በተራ ሳይክል ስሄድ የመኪና መስታወት ክንዴን ሊነካ ምንም አይቀረውም። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ በሪከምበንት ስሄድ ሕፃን በጋሪ የምገፋ ይመስል ዞር ብለው ያልፉኛል። በቨርጂኒያ ሕግ መኪና ሳይክልን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ በያዘው መሥመር ውስጥ ይህን ቦታ መስጠት ካልቻለ መሥመር መቀየር አለበት። ሕጉ ለሁሉም ሳይክል አንድ ነው። በሪከምበንት ስሄድ ግን ሕጉን የሚያስታውሰው ሰው ይበዛል።

አሁን ወደሚያፈጡት ሰዎች እንምጣ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚያፈጡት? ቅርጹ አዲስ ስለሆነባቸው ነው፤ ልክ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ተራ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጎንበስ ይላል። ፊቱ ወደ አስፋልቱ ነው። ከውጪ የሚታየው ሄልሜቱና ጀርባው ነው። እርስዎ ግን ጀርባዎን መቀመጫው ላይ አስደግፈው፣ ቀና ብለው፣ ፊትዎን ለዓለም ሰጥተው ነው የሚሄዱት። የእርስዎ ዓይነት ሳይክል መቀመጫው ብዙ ጊዜ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሲቀመጡ ዓይንዎ ዝቅ ካለች የቤት መኪና ሾፌር ዓይን ጋር ትይዩ ይሆናል። ማለት ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ነው የምትተላለፉት። ሰው ዓይን ለዓይን ከተያየ ወይ ፈገግ ይላል፣ ወይ አንድ ነገር ይናገራል። ለዚህ ነው በተራ ሳይክል ዓመት ሙሉ ቢነዱ የማያናግርዎት ሰው አሁን ቀይ መብራት ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሚያናግርዎት። እጅዎ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ መሪው አይታይም። ከሩቅ ሲያዩት እጇን ዘርግታ ሶፋ ላይ የተቀመጠች ሴት በአየር ላይ የምትሄድ ነው የሚመስለው። ቢያፈጡ አይፈረድባቸውም።

ይህ ሳይክል እንግዳ ሆኖ የቀረው ቴክኒኩ መጥፎ ስለሆነ እንዳይመስልዎት። ታሪኩን ማወቅዎ ልብ ይሰጥዎታል ብዬ አምናለሁ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ሞሼ የሚባል ሰው ቬሎካር ብሎ የሰየመውን ጋደም ተብሎ የሚነዳ ሳይክል ሠራ። ፍራንሲስ ፎር የሚባል ተወዳዳሪ ነዳለት። ፎር ከታላላቆቹ የሚቆጠር አልነበረም፤ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ጁላይ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከዚያ በፊት የነበረው የኦስካር ኤግ ሪከርድ 44.247 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ1914 ጀምሮ ማንም አልሰበረውም ነበር። እንግዲህ ምን ሆነ? ዓለም አቀፉ የሳይክል ውድድር ማኅበር፣ ዩሲአይ፣ በ1934 የውድድር ሳይክል ማለት እንዲህ ያለ ነው ብሎ ደነገገ። የፎር ሳይክል ከድንጋጌው ውጪ ሆነ። ውድድር ላይ የማይታይ ሳይክል ደግሞ ፋብሪካ አይሠራውም፣ ሱቅ አይሸጠውም፣ ልጅ አይመኘውም። ዘጠና ዓመት አለፈ። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ላይ ሰው የሚያፈጥብዎት ያኔ አንድ ወረቀት ላይ በተጻፈ ውሳኔ ምክንያት ነው። ቅርጹማ ዛሬም ፈጣኑ ነው። በ2016 ኔቫዳ ውስጥ ባትል ማውንቴን በሚባል ቦታ ቶድ ራይከርት የሚባል ካናዳዊ ዙሪያው በተሸፈነ ሪከምበንት፣ በእግሩ ጉልበት ብቻ፣ በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ከፊቱ ነፋስ የሚሰብርለት መኪና ሳይኖር፣ በሜዳ መንገድ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይህን ያደረገ የለም።

ልጆቹ ሲጮኹ አይቀየሙ። ልጅ ያየውን መናገሩ ነው። ይልቅ ሲቆሙ ይጠንቀቁ። በብዙዎቹ ሪከምበንቶች ላይ ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ፊት ለፊት፣ ፔዳሉ ጋ፣ ከሁሉ ቀድሞ ነው ያለው። ለትንሽ ልጅ ዓይኑና ጣቱ እሚደርስበት ቁመት ላይ ነው። «ፔዳሉ የታለ?» ብለው ሮጠው ይመጣሉ፣ መጀመሪያ የሚነኩትም እሱን ነው። ፍሬንዎን ይያዙ፣ እግርዎን መሬት ያድርጉ፣ ከዚያ ያሳዩዋቸው። የጥርሱን መሸፈኛ ገና ካላስገጠሙ ቢያስገጥሙ ደስ ይለኛል።

ውሻም ይጮኽብዎታል። በሪከምበንት ላይ ያለ ሰው ለውሻ ሰው አይመስለውም ብዬ አስባለሁ። ፍጥነት ቀንሰው በሰው ድምፅ ያናግሩት። «ና እንጂ፣ ምን ሆንክ?» ማለት ብቻ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። አማርኛ ቢሆንም ይሠራል።

በስልክ የሚቀርጹዎት ነገር ግን የእውነት ያሳስበኛል። ተሳፋሪ ከሆነ ይቅረጽ። ሾፌሩ ራሱ ከሆነ አደገኛ ነው። አንድ ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ፒክአፕ አጠገቤ መጥቶ ፍጥነቱን ከእኔ ጋር አስተካከለ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መሪ ይዟል። መኪናው ቀስ እያለ ወደ እኔ ማዘንበል ጀመረ። እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ ነበር። ጎማዬ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሲነካ ነው የነቃሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ አለኝ። መኪና አጠገቤ ሆኖ ፍጥነቱን ካስተካከለ አላየውም፤ ፍሬን እይዛለሁ። ከኋላው ሌላ መኪና ስለሚመጣበት ማለፉ አይቀርም። እጅ አያውለብልቡለት። ካውለበለቡለት ይቆያል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሴት ልምጣ። የጥያቄዎ እምብርት እሷ ትመስለኛለች። የማያውቁት ሰው ቢስቅብዎ ማታ ይረሳል። የአገርዎ ሰው ከንፈሯን ስትመጥልዎ ግን እስከ ቤት ይከተልዎታል። ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነን። በእኛ አገር በሰው ፊት ጋደም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ደክሟል። ስለዚህ ጋደም ብለው ሲመጡ ያየች ሴት መጀመሪያ የሚመጣላት ሕመም ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ያለችው ልትነካዎት አይደለም። ደንግጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሲጠይቁዎት «እኔ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም!» ብለው አይቆጡ። ደንበኞቼ መካከል ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ የደከመ አንድ ወንድማችን አለ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን በባለሦስት ጎማ በሳምንት ሦስት ቀን ይነዳል። እርስዎ እንዲህ ብለው ሲቆጡ እሱ አጠገብዎ ቢኖር ምን ይሰማዋል? ባይኖርም ያቺ ሴት ትሰማለች። ለሷም ልጅ ወይም ባል ይኖራታል። እውነቱን አጭር አድርገው ይንገሯት። «ወገቤን ሁለት ዓመት አሞኝ ነበር። ተራው ሳይክል አልሆነኝም። ይሄ ተስማማኝ።» ይኸው ነው። ከዚያ «ነይ ቁጭ በይበት» ይበሏት። እርስዎ መሪውንና ፍሬኑን ይያዙ። እሷ ጀርባዋን ታስደግፍ። ቀሚስ ለብሳም ቢሆን ይቻላል፤ ፔዳል አትምታ እንጂ መቀመጥ ብቻ ነው። በሥራዬ ስንት ሰው እዚያ መቀመጫ ላይ እንዳስቀመጥኩ አልቆጠርኩም። ጀርባቸው መደገፊያውን ሲነካው ፊታቸው ይለወጣል። «ውይ!» ይላሉ። አብዛኞቹ ሁለተኛ ጥያቄያቸው «ስንት ነው?» ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመው ከሚሠሩት ወይም መኪና ላይ ከሚውሉት ሰዎቻችን መካከል ወገቡን የማያመው ስንት ነው? እርስዎ የያዙት ለብዙዎቹ መፍትሔ የሚሆን ነገር ነው።

እናትዎን በተመለከተ ስለ ሰው ዓይን ከእናት ጋር አልከራከርም። እርስዎም አይከራከሩ። እኔ ግን ከቃሉ በታች ያለውን ነው የምሰማው። ልጃቸው ከመኪና ጎማ እኩል ዝቅ ብላ አስፋልት ላይ ናት። ይህን የፈራች እናት በምታውቀው ቃል ትናገራለች። ፍርሃታቸው ደግሞ ከንቱ አይደለም። መንገዱ ላይ በደንብ ቢታዩም ሁለት ቦታ ላይ መታየት ያስቸግርዎታል። አንዱ ረጃጅም መኪኖች ተደርድረው ከቆሙበት ኋላ ነው። ሌላው የገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ እዚያ ሰው ወደ ኋላ ሲወጣ ዝቅ ያለ ነገር አያይም። ስለዚህ ከመቀመጫዎ ጀርባ ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ይትከሉ። ቁመቱ ከቆመ ሰው ራስ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። ነፋስ የሚያወዛውዘው ነገር ቆሞ ካለ ነገር ቀድሞ ዓይን ይገባል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ቀንም ይብራ። ከዚያ እናትዎን እሁድ ጠዋት መናፈሻ ይዘዋቸው ይሂዱና ሲነዱ ያሳዩዋቸው። እናት በወሬ አትረጋጋም፤ ዓይታ ነው።

የራሴን አንድ ነገር ልንገርዎት። ያደግኩት ባህር ዳር ነው። ያኔም ሳይክል የሞላበት ከተማ ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ሳይክል የምትነዳ ሴት አልነበረችም። ታላቅ እህቴ የአባታችንን ሳይክል ይዛ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ልጅ ሁሉ እየጮኸ ተከተላት። እናታችን አልቅሳለች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ካቴናው ወልቆ መንገድ ዳር ቆመች። ከሱቅ፣ ከጠጅ ቤት፣ ከጋሪ ላይ ስንት ሰው መጣላት! ሁሉም ያውቋታል። «ያቺ ባለ ሳይክሏ» ናት። ቤት ሳትደርስ አባቴ ካቴናው መውለቁን ሰምቶ ነበር። ያ ሁሉ ዓይን ሲጠብቃት ነው የከረመው።

ወደ ሙያዬ ልመለስና የማይነገር አንድ ነገር ልንገርዎት። የሰው ማየት የእውነት የሚጥልዎት በአንድ መንገድ ነው። ሰው ሲያይዎት ትከሻዎ ይወጠራል። ትከሻ ሲወጠር እጅ ይጨብጣል። መሪው ከሥር የሆነ ሳይክል ደግሞ ጭብጥ አይወድም። ክንድዎ እንደ ተንጠለጠለ ነጠላ ጫፍ ልል ብሎ መውረድ አለበት። ከጨበጡት ሳይክሉ ይንገዳገዳል። ሲንገዳገድ ሰው ይበልጥ ያያል። ሲያይ እርስዎ ይበልጥ ይጨብጣሉ። ይህን ዙር የሚሰብረው ልምምድ ነው። እሁድ ጠዋት ባዶ የትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ይሂዱ። ጀርባዎን መደገፊያው ላይ ይጫኑ። አንዱን ፔዳል ወደ ላይ ከፍ አድርገው እግርዎን ይጫኑበት፣ ፍሬን ይያዙ። ሩቅ ያለ ዛፍ ይምረጡና እሱን ይዩ። ፍሬኑን ለቀው በአንድ ጊዜ በኃይል ይግፉ። ሦስት ሜትር ሄደው ይቁሙ። እንደገና። በቀን አሥር ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። መንዳቱን እርስዎ ያውቁታል፤ የሚለማመዱት መነሳቱን ነው።

ማርሹንም አይርሱ። በተራ ሳይክል ከባድ ማርሽ ላይ ቢቆሙ ብድግ ብለው በሰውነት ክብደት ይነሳሉ። እዚህ ብድግ የለም። ቀይ መብራት ሳይደርሱ፣ ጎማው እየዞረ እያለ፣ ማርሹን ወደ ቀላሉ ያውርዱ። አረንጓዴ በርቶ መነሳት ያቃተው ሪከምበንት ከኋላው የሚሰማውን ክላክስ እኔ አውቀዋለሁ። ዳገትም ላይ እንዲሁ። ቀላል ማርሽ ይያዙ፣ እግርዎን ቶሎ ቶሎ ያዙሩ፣ ሰው ቢያልፍዎት ይለፍ። ቁልቁለቱና ሜዳው ላይ ያገኙታል።

ለጊዜው ኮለምቢያ ፓይክን ይተዉት። የማውንት ቨርነን የሳይክልና የእግረኛ መንገድ ቤትዎ ደጃፍ ነው። 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር ይሄዳል፤ አሮጌውን የአሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚያቋርጥበት በቀር መኪና የለበትም። የደቡቡ ጫፍ ዳገት ስላለው መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይሂዱ። ቅዳሜ ማለዳ ይውጡና አየር ማረፊያውን አልፈው ግራቭሊ ፖይንት ይድረሱ። እዚያ ሰዎች ሣር ላይ ጋደም ብለው አውሮፕላን ሲያርፍ ያያሉ። እርስዎም ጎናቸው ይቁሙና፣ ከመቀመጫዎ ሳይነሱ፣ አንድ ሁለቱን ይዩ። የሆነ ልጅ ሮጦ ይመጣል። ይመልሱለት፤ ከጥርሱ ላይ ግን ጣቱን ያርቁለት።